የመጨረሻዋ ቡሎን

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ቅጽል ስም ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን ብል አላጋነንኩም። አናጢዎች የሚይዟት፣ መሀሏ ላይ አረፋ ወዲያ ወዲህ የምትልባት ትንሽ መለኪያ ከደረት ኪሱ ተለይታ አታውቅም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አጋድሎ ካየ፣ ሻዩን አስቀምጦ ተነስቶ ካላቃናው ወሬ አይገባውም። አንድ ጊዜ የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ተወላገደ ብሎ፣ ሙሽሮቹ ቆመው እየጠበቁት፣ በሙሉ ልብሱ ተንበርክኮ ከጠረጴዛው እግር ስር ካርቶን ሲወሽቅ አይቼ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር። እህቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁ አይደለም። እኔ ስቄ የጨረስኩት ድሮ ነው። አንድ ጠረጴዛ እንኳ እንዲያጋድል የማይፈቅድ ሰው በገዛ ልጁ ላይ የሠራውን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ድምፄ ከፍ ካለ ታገሱኝ።

ሥራው የመኪና እግር ነው፤ ሞላ፣ ጎሚኒ፣ ሾክ አብዞርበር። ከሁሉም በላይ የተካነው ግን ስታቢላይዘር የሚሉት ብረት ላይ ነው። እኛ ቤት «ዘንጉ» ነው የሚባለው። በመኪናው ሆድ ስር ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ ተሻግሮ ሁለቱን የሚያያይዝ፣ ጫፍና ጫፉ የታጠፈ ብረት ነው። መኪና ሲታጠፍ ወደ አንድ ጎን እንዳይጋደም የሚይዘው እሱ ነው። ተራ መኪና ላይ አንዴ ከገባ ገባ፣ ማንም አይነካካውም። የውድድር መኪና ላይ ግን ጫፉ ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ በውጭኛው ቀዳዳ ካሰሩት ዘንጉ ይለዝባል፣ በውስጠኛው ካሰሩት ይጠነክራል። የኋላው ሲጠነክር መኪናዋ ቶሎ ትታጠፋለች፤ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ጭራዋ ይወጣና ትሽከረከራለች። ይህን የማውቀው ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ጋራዡ ያለው ከኩሽናዬ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ካገባሁ ጀምሮ ሽንኩርት ስከትፍ የምሰማው ወሬ ይኸው ነው።

ታዲያ ባሌ አንድ ሕግ አለው። የዘንጉ የመጨረሻዋ ቡሎን የሾፌሩ መቀመጫ ባዶ ሆኖ አትጠብቅም። ሾፌር ሲቀመጥ መኪናዋ በእሱ በኩል ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ ባዶዋን አስረሃት ሾፌሩ ቆይቶ ቢቀመጥ፣ ዘንጉ ገና ከመነሻው ተጠምዝዞ ይቀራል። የተጠመዘዘ ዘንግ ያላት መኪና ደግሞ በአንድ በኩል እሺ፣ በሌላው በኩል እምቢ ትላለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነዳው ሰው ራሱ ይቀመጣል፤ ከዚያ ማያያዣውን እያሽከረከሩ ያስረዝሙታል ወይም ያሳጥሩታል፤ ቡሎኗ ያለ ግፊት፣ በጣት ብቻ ሽው ብላ ስትገባ ያኔ ትጠብቃለች።

በወጣትነታችን የሚወዳደረው እሱ ነበር። ሾፌሩ እሱ ከሆነ መቀመጥ ያለበትም እሱ ነው፤ ተቀምጦ ደግሞ ቡሎን ማጥበቅ አይችልም። እና ማን ያጥብቅ? እኔ። ቀሚሴን ሰብስቤ ከመኪናው ስር ያለው የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ እወርድና እሱ ከላይ «አሁንስ?» ይለኛል፤ እኔ ከታች «ገና» እለዋለሁ። አብረን ካሳለፍነው ዘመን ደስ ይለኝ የነበረው እሱ ነው ብል አላፍርም። ሁለት እጅ ሙሉ ቅባት ይዤ ስወጣ ሰውዬው እንደ ንግሥት ያየኝ ነበር።

ከዚያ ዓይኑ ደከመና መሪውን ለወንዱ ልጃችን ለቀቀ። ልጃችን ፍጥነቱን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ ሥጋውን ከእኔ ወገን። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ያቃስታል፤ መኪናዋ ውስጥ ሲገባ በእሱ በኩል ተንበርክካ ነበር የምትቀበለው። ደግሞም ነዳ፤ አይወሰድበትም። አባቱ ያኔ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር።

ልጁ ሩቅ ከተማ በክሬን ኦፕሬተርነት ሲቀጠር ለውድድር ብቻ መምጣት ጀመረ። ከሥራ ወጥቶ፣ አውቶብስ ይዞ፣ በቀጥታ ውድድሩ ቦታ ነበር የሚደርሰው። ታዲያ መኪናዋ ስትሰናዳ ማን ይቀመጥላት? ባሌ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ጆንያ አሰፋኝ። ያለቀ ኩሽኔታ፣ የታጠፈ ቡሎን፣ የጋራዡን ግሳንግስ ሁሉ ሞላበትና የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ሚዛን ላይ እያወጣ፣ እየጨመረ እየቀነሰ፣ ልክ ልጁን እንዲያህል አደረገው። መቀመጫው ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት። ሠራተኞቹ «ትልቁ ልጅ» አሉት። እኔም ምሳ ስጠራ «ትልቁ ልጅም ይምጣ» እያልኩ እቀልድ ነበር። ምን አባቱንስና! ያኔ ባቃጠልኩት ኖሮ።

በኋላ ልጁ ደወለ። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ሚስቱ በውድድር ቀን እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ በቃኝ፣ መኪናዋን ለእህቴ ስጧት፣ በፍጥነት ከእኔ የባሰች ናት አለ። ባሌ ስልኩን ዘጋና የመኪናዋን ቁልፍ ከግድግዳው አውርዶ ሴቷ ልጃችን ፊት አስቀመጠላት። እሷ ተነስታ ሳመችው። እኔም እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ሴቷ ልጄ ቀጭን ናት። ነፋስ ሲነሳ በር ዝጉ የምንለው እሷ እንዳትወሰድ ነው እያልን እንቀልድባታለን። እጇ ግን እጅ ነው። የመድኃኒት ማከፋፈያ መኪና ነው የምትነዳው፤ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፤ አንድ ብልቃጥ ተሰበረባት ተብሎ አያውቅም። አባቷ የውድድር መኪናዋን የሚያሰናዳው ቀን ቀን ነው፣ እሷ ሥራ ላይ እያለች። ማታ ስትመጣ ተሰናድታ፣ ሸራ ለብሳ ታገኛታለች። ይሄ ሁላችንም ዘንድ ልክ ነበር የሚመስለው።

ውድድሩ የዳገት ውድድር ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ድንጋይ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ቶሎ የደረሰ አሸነፈ። ልጄ ገና በመጀመሪያው ዓመቷ ጉድ ፈላባት። በግራ ኩርባ ላይ ትታጠፋለች፣ እንዲያውም ጭራዋ እየወጣ ታስደነግጠናለች። ቀኝ ኩርባ ላይ ስትደርስ ግን መኪናዋ አልታጠፍም ትላለች፤ መሪው ተጠምዝዞ አፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ልጄ ፍሬን ትይዛለች፣ ጊዜ ይሄዳል። አንድ ጊዜማ ጠርዙ ላይ የተደረደረውን ጎማ በትና ቆመች።

ሰው መቼ ዝም ይላል! ቀኝ መታጠፍ ትፈራለች ተባለ። ከመንገዱ ግማሹን ብቻ ነው የምትነዳው ተባለ። የጎማ ነጋዴው፣ ያ አፉ በር የሌለው ሰውዬ፣ «ግማሽ ሾፌር» ብሎ ስም አወጣላትና ስሙ ተጣበቀባት። ጋራዥ የሚመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ «ግማሽ ሾፌር እንዴት ናት?» ይላሉ፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ። አንዱን መጥረጊያ ይዤ ነው ያስወጣሁት። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስታከፋፍል ቀኝ አትታጠፍም እንዴ? ከተማው ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው? ይህን የሚጠይቅ ጤነኛ ሰው ጠፋ።

አባቷስ? አባቷ ዘንጉን ይነካካል። ቶሎ እንድትታጠፍላት ብሎ ማያያዣውን ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ያስገባል፣ የኋላውን ያጠነክራል። ባጠነከረው ቁጥር ይብስባታል፤ ግራው ይከፋል፣ ቀኙ ይከፋል። ይለዝብ ሲለው ትንሽ ይሻላትና ሌላው ተወዳዳሪ ሁሉ ይቀድማታል። በመጨረሻ እጁን ጠራረገና፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ ልጅቷ ናት አለ። አንድ ቀን ደግሞ የጎማ ነጋዴው ያንን ስም ሲጠራ ባሌ ሳቀ። በጆሮዬ ሰማሁት። ብዙ አልሳቀም፣ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን በሆዴ ያዝኩት።

ልጄ እንደዚህ አልነበረችም። ምላሷ የሚቆርጥ፣ ለአንድ ቃል ሦስት የምትመልስ ልጅ ነበረች። ቀስ በቀስ አንገቷን መድፋት ጀመረች። እሑድ ብቻዋን የሥራዋን መኪና ይዛ ትወጣና ባዶ ሜዳ ላይ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ ስትታጠፍ እንደምትውል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነገረኝ። አንጀቴ አረረ። የማትፈራውን ነገር እንዳልፈራ ብላ ስትለማመድ፣ አስቡት።

ባለፈው ዓመት ከመጨረሻው ውድድር በፊት፣ ምሳ ላይ ነው፣ ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠና ተናገረ። በዚህኛውም ቀኝ ኩርባ ላይ ከተበላሸች መቀመጫውን ለጎማ ነጋዴው ልጅ እሰጠዋለሁ፣ ጎማውን በነፃ ሊያቀርቡ ተስማምተዋል አለ። ልጄ ምሳዋን ልትበላ ለአፍታ ከሥራ ብቅ ያለች ቀን ነበር። ሾርባዋን ጨርሳ፣ ሳህኗን አጥባ፣ ቁልፏን ይዛ ወጣች። ያን ሳህን ስታጥብ ውሃው ብዙ ሰዓት ይፈስ ነበር። እኔም ያኔ ሙያውን እሱ ያውቃል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው ነገሩን ያየሁት። ምሳ ደርሶ ባሌን ብጣራ ብጣራ አልሰማ ሲለኝ፣ ጉልበቴ እያመመኝ በጓሮ ዞሬ ጋራዥ ገባሁ። ሠራተኞቹ ወጥተዋል። መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ቆማለች፤ ከስር የመፍቻ ድምፅ ይሰማል። በመስኮት አጎንብሼ ውስጡን ሳይ ሰው አየሁ መሰለኝና ደነገጥኩ። ትልቁ ልጅ ነው። ቀበቶውን አስሮ፣ ሆዱን ነፍቶ ተቀምጧል።

እጄን ሰድጄ ገፋ አደረግሁት። ንቅንቅ አላለም። ያው እንደ ድሮው ነው፤ አንድ ኩሽኔታ እንኳ አልወጣለትም።

«ይሄ ጆንያ ምን ይሠራል እዚህ?» አልኩት።

ከታች ሆኖ መቀመጫው ባዶ እንዳይሆን ነው አለኝ፤ አላውቅ ይመስል።

«እሱንማ አውቃለሁ። ውስጡን አልቀነስክም ወይ ነው የምልህ። ልጅቷ የዚህን ግማሽ አትሞላም።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ቆይቶ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ያን ያህል አይጎዳም አለ። ኧረ እናንተ! ለሰው ሰርግ ካርቶን የሚያጣጥፍ ሰውዬ፣ ፎቶ አጋደለ ብሎ ሻይ የሚያቀዘቅዝ ሰውዬ፣ ልጁ ገደል አፋፍ ላይ የምትታጠፍበትን ነገር ትንሽ ነው ይለኛል። ውጣ አልኩት። ውጣና ፊቴ ቆመህ ንገረኝ።

ወጣ። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ የጠዳ እጅ ይጠርጋል። ልጅቷ ስትወጣ፣ አፍንጫዋ ቀጥ ሲልባት፣ ጎማ በትና ስትቆም፣ አንድ ቀን እንኳ ይህን ጆንያ አላሰብከውም ወይ አልኩት። ውሃ በአፉ የያዘ ይመስል ዝም አለኝ። አላሰብኩም ቢል ኖሮ፣ ረሳሁ ቢል ኖሮ፣ እምላለሁ እተወው ነበር። ሰው ይረሳል። ዝምታው ግን ሁሉን ነገረኝ።

«ወንድሟ ይመለሳል ብዬ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «መኪናዋ እሱ እንደተዋት ሆና እንድትቆየው ብዬ ነው። ሚስቱም ትለምደዋለች፣ ይመለሳል።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ልጁ በቃኝ ብሎሃል አልኩት። በአፉ፣ በስልክ፣ እኔም እየሰማሁ ብሎሃል። አንተ ለማይመጣ ሰው መኪና ስታሰናዳ የመጣችው ልጅህ ገደል ልትገባ ነበር። ልጅህን በወንድሟ ጫማ አሩጠሃት፣ ስትደናቀፍ አብረህ ስቀህባታል። መቀመጫዋን ልትነጥቃት በገዛ ማዕዷ ላይ ነግረሃታል። ጆንያውን ታግዬ ከመቀመጫው ልጎትተው ሞከርኩ፤ አቃተኝ። ከመሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ቢላ አነሳሁና የሰፋሁትን ስፌት ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት። ብረቱ እየተንኳኳ በመቀመጫው ላይ፣ ከመቀመጫው መሬት ላይ፣ ከመሬት ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ልብስ ሰፊው ምን ተፈጠረ ብሎ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። እያስተካከልን ነው አልኩት።

ባሌ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ እኔም አልለመንኩትም።

ልጄ አመሻሽ ላይ ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኋትና ሁሉን ነገርኳት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቁልፏን በጣቷ አንጠልጥላ ሰማችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ያውቅ ነበር ወይ አለችኝ። ጠይቂው አልኳት። እሱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር። አጠገቡ አለፈች፣ አልጠየቀችውም፣ የመኪናዋን በር ከፍታ ገባችና ቀበቶዋን አሰረች። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ።

ከስንት ዘመን በኋላ መሰላችሁ። ጉልበቴ እያንዳንዷን ደረጃ ሲወርድ ይረግመኝ ነበር። የዘንጉን ማያያዣ አገኘሁት፤ ቡሎኗን ፈታሁና ላወጣት ስል ጠጥራ እምቢ አለች። በመዶሻ ነካ ሳደርጋት ማያያዣው ዘልሎ ወጣ። ከዚያ መልሼ ከቀዳዳው ጋር ላገጥመው ብል አይደርስም። ቀዳዳው እዚያ፣ ማያያዣው እዚህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ የነዳችው ይህን ክፍተት ተሸክማ ነው።

«ና ውረድና እይ» አልኩት።

ወረደ። አጠገቤ ቆመና በመብራት አየው። ሌባ ጣቱን ክፍተቱ ውስጥ አስገባ፤ ሰፍቶት ጣቱ እስከ ሥሩ ገባ። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፣ ያቺን መለኪያ ነካ አደረጋትና ተዋት። ከዚያ መፍቻውን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ማያያዣውን ራሴ እያሽከረከርኩ አመጣሁት፤ እሱ መብራት ያዘልኝ። ቡሎኗ በጣቴ ሽው ብላ ስትገባ አየ፣ እኔም እንዲያይ ጊዜ ሰጠሁት። አጠበቅኋትና ወጣሁ። ስወጣ እጁን ሰጠኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ።

የውድድሩ ቀን ትልቁ ቀኝ ኩርባ ጋ ቆምን። ያው የጎማ ነጋዴውም አለ፤ ልጁን የውድድር ቱታ አልብሶ አምጥቶታል፣ መቀመጫውን ዛሬውኑ የሚወርስ ይመስል። የእኔ ልጅ መኪና ድምፅ ከታች ተሰማ። ብቅ አለች። ሁሉም ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ልማድ ሆኖባቸዋል። እሷ ግን መሪውን አንዴ አዞረች፣ መኪናዋም አብራ ዞረች። በቃ ይኸው ነው። ፍሬን አልያዘችም፣ ጠርዝ አልነካችም፣ አቧራዋ ፊታችን ላይ ቀርቶ እሷ አለፈች። ከላይ ያለውን ቀኝ ኩርባም እንደዚያው ስትይዘው ከሩቅ አየናት።

የጎማ ነጋዴው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ባሌን ትከሻውን መታ አድርጎ፣ ምን አስነካሃት፣ ግማሿ ሾፌር ዛሬ ሞላች እኮ አለው። ባሌ ዘንጉን ትንሽ ነካ አድርጌው ነው አለ።

ልብ በሉ። ስትበላሽ ጥፋቱ የእሷ እጅ ነበር፤ ስታምር ሙያው የእሱ እጅ ሆነ። ቱግ አልኩ። እዚያው ሕዝብ መሀል ላዋርደው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘወር ሳይ ልጄ መኪናዋን አቁማ በእግሯ ወደ እኛ ስትወርድ አየሁና ተውኩት። ይህ የእሷ ነው አልኩ።

ሄልሜቷን በእጇ ይዛ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ ፊታችን ቆመች።

«ዛሬ ቀኙን ጥሩ አድርገሽ ያዝሽው» አላት አባቷ።

ቀና ብላ አየችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እንደ እኔ አይደለችም።

«አባዬ፣ ድሮም ጥሩ አድርጌ ነው የያዝኩት» አለችው።

ባሌ ፊቱ ጠቆረ። የጎማ ነጋዴው ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ከአንዱ ወደ ሌላው ያያል። ባሌ መለኪያዋ ያለችበትን ኪስ ያዘ፤ ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረና፣ እውነቷን ነው፣ ልጅቷ ምንም አልነበረባትም፣ መኪናዋን በሌላ ሰው ልክ ያሰርኩባት እኔ ነኝ አለው። በደንብ እንዲሰማ አድርጎ ነው ያለው፤ በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ። ልጄ ሄልሜቷን ለእኔ ሰጠችኝና ውሃ ልትጠጣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የመጨረሻዋን ቡሎን ቀን ላይ አያጠብቃትም። ሁሉን አሰናድቶ፣ ማያያዣውን ክፍት ትቶ፣ በርጩማ ስቦ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ቡሎኗን በመዳፉ ይዞ የመድኃኒት መኪናዋ በሩ ላይ እስክትቆም ይቆያታል። አንዳንድ ቀን ሥራ ይበዛባታል፣ ታመሻለች፤ እሱ ከበርጩማው አይነሳም፣ እራት ብጠራውም አይመጣም። ስትመጣ ሰላምታ ሰጥታው ታልፍና መኪናዋ ውስጥ ትገባለች። እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል።

«ተቀመጥሽ?» ይላታል ከታች።

«ተቀምጫለሁ» ትለዋለች።

የዚያን ጆንያ ሸራ የጋራዡ በር ላይ የእግር መጥረጊያ አድርጌዋለሁ። ሲገባም ሲወጣም ይረግጠዋል፤ ይነሳ ብሎ አያውቅም። እሷ ይቅር ትበለው አትበለው የራሷ ጉዳይ ነው፣ አልጠየቅኳትም። እኔ ግን ገና ነኝ።